ማሟሟቅ ወይስ ማድከም?

(በስፖርት ክፍላችን ስም ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የምንናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ስፖርተኛ ከውድድሩ በፊት ሰውነቱን የሚያሟሙቅበት መንገድ፣ በተለይም ብርቱ የሆነ ማሟሟቂያ በዘላዩ፣ በአጭር ርቀት ሯጩና በወርዋሪው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ተማሪ ወራት ሙሉ ማለዳ እየተነሣ የተለማመደው ዝላይ በአንዲት ቅጽበት ይለካል። ያችን ቅጽበት የሚያሳምርለት ወይም ከእጁ የሚነጥቅበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእርሷ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ያደረገው ነገር ነው።

በየሜዳው የሚታየውን ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የስፖርት ቀን በደረሰ ጊዜ አምስት ሺህ ሜትር የሚሮጠውም፣ ርዝመት የሚዘለውም፣ አሎሎ የሚወረውረውም በአንድ ሰልፍ ሆኖ ሜዳውን ይዞራል። ላቡ እስኪንጠባጠብ ይሮጣል፤ ቁጢጥ ብሎ ይነሣል፤ እየዘለለ ያጨበጭባል። ላቡም የትጋቱ ምስክር ሆኖ ይቆጠርለታል። ከዚያ በኋላ ወይ ትንፋሹ ሳይመለስ ስሙ ተጠርቶ ይዘላል፤ ወይም የመክፈቻው ንግግር እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይቀዘቅዛል። በሁለቱም መንገድ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

እኛ ዛሬ የምንለው ነገር አንድ ነው። ማሟሟቂያ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይወልዳል፤ አንደኛው ዝግጁነት ነው፤ ሁለተኛው ድካም ነው። የዝላዩን ውጤት የሚወስነው ድካሙ ከዝግጁነቱ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ስለዚህ ማሟሟቂያን በላቡ ብዛት ሳይሆን በሚተርፈው ልንለካው ይገባል። ይህን የምንለው ከራሳችን አንቅተን ሳይሆን፣ ብዙ ተመራማሪዎች በየቤተ ሙከራው ደክመው ያገኙትን አገናዝበን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ቅጽበታዊ ኃይል የምንለው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ጡንቻ ያለውን ኃይል በሙሉ ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ከዕረፍት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ኃይሉ ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። የርዝመት ዘላይ እግር ግን በመነሻው ጣውላ ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እምብዛም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ የመቶ ሜትር ሯጭም በያንዳንዱ እርምጃ መሬት የሚነካው ለዚሁ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ለእነዚህ ስፖርተኞች ጥያቄው «ጡንቻዬ ምን ያህል ኃይል አለው?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ያለውን ኃይል በምን ያህል ፍጥነት ያወጣልኛል?» የሚለውም ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ በመጀመሪያው ዙር ሰውነቱ ባይፈታለት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሊፈታለት ይችላል። ዘላዩ ግን ሁለተኛ ዙር የለውም። ለዚህ ነው ማሟሟቂያ ከማንም ይልቅ እርሱን የሚጠቅመውም፣ ከማንም ይልቅ እርሱን የሚጎዳውም።

አሁን ወደ ዝግጁነት እንለፍ። ዝግጁነት ከሁለት ምንጭ ይመጣል። የመጀመሪያው ስሙ ራሱ እንደሚነግረን ሙቀት ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው የእግሩ ጡንቻ ከሰውነቱ ውስጣዊ ክፍል ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ውስጡ 37 ዲግሪ ሲሆን ጡንቻው ብዙ ጊዜ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰውየው መንቀሳቀስ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃዎች የጡንቻው ሙቀት ፈጥኖ ይጨምራል፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲሆነው ጭማሪው እየቀነሰ ይረጋል።

ሙቀት የሚሰጠው ጥቅም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1945 አስሙሰንና ቦዬ የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ቢስክሌት በሚገፉ ሰዎች ላይ ሲያጠኑ፣ ጡንቻው የሞቀ ሰው አጭርና ብርቱ ሥራን በፍጥነት እንደሚፈጽም አገኙ። በ1979 ደግሞ ቤርግና ኤክብሎም የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች የጡንቻው ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዝላይ ችሎታ ከ4 እስከ 6 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ገለጡ። ይህን በሜዳችን ቋንቋ ብንተረጉመው፣ ከቆመበት 50 ሳንቲሜትር ወደ ላይ የሚዘል ተማሪ በአንድ ዲግሪ ብቻ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ያገኛል ማለት ነው። ምክንያቱም ሙቀት በጡንቻው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሥራ ያፋጥነዋል፤ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭም መልእክቱን ቶሎ ያደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ይህን ሙቀት ለማግኘት መድከም አያስፈልግም። ከጓደኛ ጋር እየተነጋገሩ ሊሮጡት በሚቻል ለስላሳ ሩጫ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ይገኛል። ከዚያ ወዲያ በብርቱ የሚጨመረው ሩጫ ለሙቀቱ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ ለድካሙ የሚጨምርለት ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው የዝግጁነት ምንጭ ረቂቅ ነው፤ ብርቱ ማሟሟቂያ የሚመሰገንበትም በዚህ ምክንያት ነው። በ1871 ባውዲች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በላይፕሲግ ከተማ በእንቁራሪት ልብ ላይ ሲመረምር፣ ልቡን በእኩል ኃይልና በእኩል ጊዜ ልዩነት ቢነካካውም እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው እየበረታ እንደሚሄድ አየ። የተመዘገበው ሥዕል የደረጃ መወጣጫ ስለ መሰለ «ደረጃ» ተብሎ ተጠራ። ኋላም ይህን የመሰለ ነገር አጥንታችንን በሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችም ላይ ተገኘ። ማለትም ጡንቻ በብርቱ ከሠራ በኋላ ለተመሳሳይ ትእዛዝ ከቀድሞው የበለጠ መልስ ይሰጣል።

ይህ የሚሆነው እንዴት ነው? ጡንቻ የሚኮማተረው ማዮሲንና አክቲን የሚባሉ ሁለት ዐይነት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ነው። እንዲሳሳቡ ምልክት የሚሰጠው ካልሲየም ነው። ጡንቻው በብርቱ ሲሠራ በማዮሲን ራሶች አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ክፍል ላይ ፎስፌት ይጣበቃል። በዚህም ምክንያት ራሶቹ ወደ አክቲን ቀረብ ይላሉ፤ ለካልሲየሙም ምልክት ፈጣኖች ይሆናሉ። ገመድ ሊጎትቱ የተሰለፉ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ከሚጠብቁ ይልቅ ገመዱን ሊጨብጡ ተዘጋጅተው ቢጠብቁ ፊሽካው እንደ ተነፋ ቶሎ ይስቡታል። የጡንቻውም ነገር እንዲሁ ነው። ይህ ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ውስጥ ነው፤ ዘላይና አጭር ርቀት ሯጭ የሚመኩትም በእነዚህ ክሮች ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ከዝላይ በፊት ከባድ ክብደት ማንሣት ወይም በሙሉ ኃይል መሮጥ መልካም ነው» ቢል አይፈረድበትም። ብዙ አሠልጣኞችም ከዚህ ተነሥተው፣ ስፖርተኛው ከባድ ብረት በትከሻው ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ እንዲነሣ፣ ከዚያም እንዲዘል ያደርጋሉ። ሆኖም በመካከል የሚገባ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ድካም ነው።

ብርቱ ሥራ በጡንቻው ውስጥ ለቅጽበታዊ ኃይል የተቀመጠውን ስንቅ ይጨርሳል። ይህ ስንቅ ፎስፎክሪያቲን ይባላል። ዕረፍት ሲገኝ ፈጥኖ መሞላት ይጀምራል፤ ነገር ግን ተመልሶ ሊሞላ እስኪቃረብ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ብርቱ ማሟሟቂያ እንዳበቃ ዝግጁነቱም ድካሙም ሁለቱም ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ በዚያች ሰዓት የሚያሸንፈው ግን በአብዛኛው ድካሙ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ድካሙ ቀድሞ ይወርዳል፤ ዝግጁነቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል አንድ መስኮት ይከፈታል። የብርቱ ማሟሟቂያ ጥበብ ይህን መስኮት ማወቅ ነው።

በ2008 በዌልስ የሚሠሩት ኪልደፍና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጥ ያሳያል። ፕሮፌሽናል የሆኑ የራግቢ ተጫዋቾች ከባድ ክብደት ተሸክመው ቁጢጥ እያሉ እንዲነሡ አድርገው በየጊዜው አዘለሏቸው። ክብደቱን እንዳወረዱ ወዲያውኑ ሲዘሉ ከቀድሞው ዝቅ አሉ። በ8 ደቂቃ ሲዘሉ ግን ከቀድሞው ከፍ አሉ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ክብደቱ ያው ነው፤ የተለየው የጠበቁት ጊዜ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

እዚህ ላይ የፊዚዮሎጂ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ እንደሚያነሡ እናውቃለን። ስለ ማዮሲን የተናገርነው ለውጥ ፈጥኖ የሚጠፋ ነው፤ ጡንቻው በኤሌክትሪክ ሲነካ የሚታየው ጭማሪ በ28 ሰከንድ ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንግዲህ በ8 ደቂቃ የሚታየው የዝላይ ጭማሪ ከየት መጣ? ብሌዝቪችና ባቦ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ጠይቀዋል። የእነርሱ አስተያየት፣ በደቂቃዎች ዘግይቶ የሚመጣው ጭማሪ ከማዮሲን ለውጥ ይልቅ ከጡንቻው ሙቀት፣ ወደ ጡንቻው ከሚገባው ውኃና ከነርቭ መነቃቃት የሚመነጭ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ከዚህም ጋር አያይዘው ብዙ ጥናቶች ላይ አንድ ነቀፋ አቅርበዋል። ተፈታኞቹ መጀመሪያ ሲለኩ በሚገባ ሳይሟሟቁ ከነበረ፣ ከክብደቱ በኋላ የታየው ጭማሪ የክብደቱ ልዩ ጸጋ ሳይሆን ተራ መሟሟቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ለስላሳ በሆነ መንገድ የሚገኘውን ነገር በከባድ ዋጋ የሚገዛ ሰው ነጋዴ ቢሆን ይከስር ነበር።

ብርቱ ማሟሟቂያ በእውነት ያከስር እንደ ሆነ ለማየት በካናዳ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ሙከራ እንመልከት። በ2011 ቶማራስና ማኪንቶሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አሥር የሠለጠኑ የአጭር ርቀት ቢስክሌት ተወዳዳሪዎችን ፈተኑ። እነዚህ ተወዳዳሪዎች በልማድ የሚያደርጉት ማሟሟቂያ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ነበር። የልብ ምታቸው ከከፍተኛው 95 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን እየጨመሩ ይነዳሉ፤ ከዚያም በየ8 ደቂቃው አራት ጊዜ በሙሉ ኃይላቸው ይበራሉ። ተመራማሪዎቹ በሌላ ቀን ይህን አሳጥረው 15 ደቂቃ ያህል አደረጉት፤ የልብ ምቱ ከ70 በመቶ እንዳያልፍ፣ ሙሉ ኃይል የሚጠይቀውም ፍጥነት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያም በሁለቱም ቀን የ30 ሰከንድ የኃይል ፈተና ሰጧቸው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከአጭሩ ማሟሟቂያ በኋላ ያወጡት ከፍተኛ ኃይል ከረጅሙ በኋላ ካወጡት በ6 በመቶ በልጦ ተገኘ። ጡንቻቸው በኤሌክትሪክ ሲፈተሽም ረጅሙ ማሟሟቂያ እንዳደከመው ታየ። አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አይደሉም፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ሆኖም ከልማድ የወረሱት ማሟሟቂያ ውድድሩ ሳይጀመር ኃይላቸውን ይበላው ነበር። ለማረስ የወጣ ገበሬ በሬዎቹን ማሳው እስኪደርሱ ድረስ ሲያሯሩጣቸው ቢያረፍድ ጎረቤቶቹ ምን ይሉት ነበር? በሜዳችን ላይ ግን ይህን የመሰለ ነገር ሲደረግ እናጨበጭባለን።

ይህን ስንል ብርቱ ማሟሟቂያ ለማንም አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። የሚጠቅማቸው አሉ። በ2013 ዊልሰንና ባልደረቦቹ 32 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ሦስት ነገሮችን አገኙ። አንደኛ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣው ከሚችለው ክብደት ከ60 እስከ 84 በመቶ የሆነው መጠነኛ ክብደት ከዚያ ከሚበልጠው ይልቅ ጠቃሚ ነው። ሁለተኛ፣ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ማረፍ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የሠለጠኑ ስፖርተኞች ብዙ ሲጠቀሙ ያልሠለጠኑት የሚያገኙት እጅግ ጥቂት ነው። በ2016 ሴይትስና ሃፍ የተባሉ ተመራማሪዎችም በተመሳሳይ መንገድ መርምረው፣ የራሱን ክብደት አንድ ከሦስት አራተኛ ጊዜ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት የሚችል ሰው የበለጠ እንደሚጠቀም፣ ዕረፍቱም እንደሚያጥርለት ገልጠዋል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 105 ኪሎ ተሸክሞ መነሣት አለበት። ከመካከላችን ይህን የሚችል ስንት አለ?

ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ሻምፒዮኑ የሚያደርገውን ያየ ጀማሪ ተማሪ ያንኑ ይቀዳል። ሻምፒዮኑ ከዚያ ማሟሟቂያ የሚያገኘው ትርፍ በብዙ ዓመት ልምምድ የተገዛ ነው፤ ድካሙንም ቶሎ ያራግፈዋል። ጀማሪው ትርፉን ሳያገኝ ድካሙን ብቻ ይሸከማል። ከዚያም በዝላዩ ሲያንስ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ከሜዳው ይወጣል። አንድ ዐይነት ማሟሟቂያ ለሁሉ ማዘዝ እኩልነት ይመስላል፤ በሥራው ግን ብርቱውን እያበረታ ደካማውን የሚያዳክም ነው።

ይህ ልማድ በአገራችን ሜዳዎች የሰፈነበት ምክንያት ምናልባት ከምንኮራበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ይሆናል። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ ጀምሮ ስማችን የተጠራው በረጅም ርቀት ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ በአምስት ሺህና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ያሸነፈው በመጨረሻው ዙር በሚያወጣው ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ስፖርት ሲባል በዐይናችን ላይ የሚመጣው ረጅም ሯጭ ነው፤ ማሟሟቂያም ሲባል የእርሱ ሩጫ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ ለሥራው የሚስማማውን ያደርጋል። የዘላዩ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ መሰናዶውም ሌላ ሊሆን ይገባል።

ሌላው የሚጎዳን ነገር ከማሟሟቂያው በኋላ የሚመጣው መጠበቅ ነው። የተገኘው ሙቀት ስፖርተኛው ሲቀመጥ ይሸሻል። በ2004 ሞርና ባልደረቦቹ በዴንማርክ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ እንዳጠኑት፣ በ15 ደቂቃው የአጋማሽ ዕረፍት ተቀምጠው የቆዩት ተጫዋቾች የጡንቻቸው ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ወረደ፤ የሩጫ ፍጥነታቸውም 2.4 በመቶ ቀነሰ። በዕረፍቱ መጨረሻ ላይ ለስላሳ እንቅስቃሴ ያደረጉት ግን ፍጥነታቸው አልቀነሰም። በ2013 ደግሞ ፎክነርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ቢስክሌት ነጂዎችን አሟሙቀው 30 ደቂቃ አስቀመጧቸው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሱሪ ለብሰው የተቀመጡት ተራ ሱሪ ለብሰው ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ 9 በመቶ ገደማ የበለጠ ኃይል አወጡ።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሱሪ እንዲገዛልን አንጠይቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የማለዳው ብርድም ይታወቃል። ነገር ግን በየቤታችን ጋቢ አለ። ተሟሙቆ ተራውን የሚጠብቅ ዘላይ እግሩን በጋቢ ቢጠቀልል የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ ሙቀቱን ያቆይለታል።

ስለ መሳሳብም ጥቂት እንበል። አንዳንዱ ተማሪ ከዝላይ በፊት እግሩን ዘርግቶ ጣቱን እንደ ያዘ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። በ2016 ቤምና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አጠቃለው እንዳቀረቡት፣ አንዱን ጡንቻ 60 ሰከንድና ከዚያ በላይ ወጥሮ መያዝ ችሎታን በአማካይ 4.6 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 ሰከንድ በታች ከሆነ ግን ጉዳቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ መሳሳብ የለመደ ሰው በአጭሩ ያድርገው፤ ከእርሱም በኋላ ይንቀሳቀስ።

አሁን «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብትሉን፣ ከላይ ከተናገርነው ተነሥተን ለዘላይ፣ ለአጭር ርቀት ሯጭና ለወርዋሪ ይህን ሥርዐት እናቀርባለን። በመጀመሪያ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ለስላሳ ሩጫ ይሩጥ፤ ቆዳው ወዝ ሲል በቂ ነው። ቀጥሎ ለ5 ደቂቃ ያህል እግሩንና ክንዱን እያወዛወዘ፣ ጉልበቱን ከፍ እያደረገ እየተራመደ መገጣጠሚያዎቹን ያፍታታ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሜትር ፍጥነቱን እየጨመረ ይሩጥ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜም የራሱን ዝላይ ወይም ውርወራ ከሙሉ ኃይል ትንሽ ባነሰ ኃይል ይሞክር፤ በየመካከሉ ትንፋሹ እስኪመለስ ይራመድ። ይህን ሁሉ ተራው ሊደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይፈጽምና ተሸፍኖ ይጠብቅ። ጥሪው ከሩብ ሰዓት በላይ ከዘገየበት ለጥቂት ደቂቃ እንደ ገና ቀስ ብሎ ይሩጥ። ክብደት ማንሣትን የሚጨምር፣ ብዙ ዓመት የሠለጠነና በራሱ ላይ ፈትኖ ያየው ሰው ብቻ ይሁን።

ይሁን እንጂ ይህን እኛ ስለ ነገርናችሁ ብቻ እንድትቀበሉት አንፈልግም። የጠቀስናቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ አማካይ የሚነግረንም ስለ ብዙዎች እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነንና እንፈትነው። ለፈተናው የሚያስፈልገው ግድግዳ፣ ጠመኔ፣ የሜትር መለኪያና ሰዓት ነው። ሳርጀንት በተባለ አሜሪካዊ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስም የሚጠራው የዝላይ መለኪያ ይኸው ነው። ተማሪው ጣቱን በጠመኔ ቀብቶ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ እጁ የሚደርስበትን ምልክት ያደርጋል፤ ቀጥሎ ዘሎ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዝላዩ ነው።

አፈታተኑም እንዲህ ይሁን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቀን በለስላሳው፣ ሌላ ቀን በብርቱው ማሟሟቂያ ይሟሟቅ። ማን በየትኛው እንደሚጀምር በዕጣ ይለይ። ካበቃ በኋላ በግማሽ ደቂቃ፣ በ4፣ በ8 እና በ12 ደቂቃ ይዝለል። ምልክቱን የሚለካው ሰው ተማሪው በየትኛው እንደ ተሟሟቀ አይወቅ፤ የምንወደውን ነገር ዐይናችን ሳይታወቀን ያዳላለታልና። የአንድ ቀን ውጤት ስለማያስተማምን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም። ከዚያም እያንዳንዱ ራሱን ከራሱ ጋር ያወዳድር። አንዱ በ4 ደቂቃ፣ ሌላው በ12 ደቂቃ ከፍ ሊል ይችላል፤ ብርቱው ማሟሟቂያ የሚጠቅመውም ሰው ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን በማስረጃ እናውቃለን።

ክቡራን መምህራን፤ የፊዚዮሎጂና የስታቲስቲክስ ትምህርት የምትሰጡ ይህን ፈተና ከተማሪዎቻችሁ ጋር እንድትመሩልን እንለምናለን። የሚገኘው አሐዝ ለክፍል ትምህርት የሚሆን ሕያው ምሳሌ ይሆናል። ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶችም ሁለት ነገር እንድታደርጉልን እንጠይቃለን። የመክፈቻው ንግግር ተወዳዳሪዎቹ መሟሟቅ ከመጀመራቸው በፊት ይለቅ፤ የየውድድሩም ሰዓት አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍና ይከበር። ሰዓቱ ያልታወቀ ውድድር ላይ በልኩ መሟሟቅ አይቻልምና፤ ሰዓት ማክበር ራሱ ለዘላዩ ሳንቲሜትር ይጨምርለታል።

ተወዳዳሪ ተማሪዎች ሆይ፤ በሚመጣው የስፖርት ቀን አንድ ጓደኛችሁ ሌሎቹ ላባቸውን ሲያፈሱ እርሱ ጋቢውን ለብሶ በእርጋታ ሲራመድ ብታዩት ሰነፍ አትበሉት። ኃይሉን ለዚያች አንዲት ቅጽበት እያስቀመጠ ሊሆን ይችላል። መዝለያው ላይ ሲደርስ እዩት፤ የሚመሰክርለት አሸዋው ነው።